ሰርቨሩን በመስቀል ሰሞን ልክ እንለካው

ከዩኒቨርሲቲው ጉብሬ ግቢ የመጣችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከወልቂጤ፣ ከቡታጅራና ከዙሪያው ወረዳዎች የተገኛችሁ የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ኃላፊዎች፣ የሆስፒታልና የሬጅስትራር ሠራተኞች፣ በግብዣው የቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ሰርቨር ገዝተን፣ በላዩ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን ጭነን፣ ከመካከላቸው በአንዱ ላይ ዳታቤዝ ስናስቀምጥ፣ ያ ዳታቤዝ በሰከንድ ስንት ትራንዛክሽን እንደሚችል እንዴት እናውቃለን የሚል ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፣ ከዚያ ምክንያቴን አስከትላለሁ። በቨርቹዋል ማሽን ላይ የተለካ ፍጥነት ትርጉም የሚኖረው ሦስት ነገሮች አብረውት ሲጻፉ ነው፤ ልኬቱ ሲካሄድ ጎረቤት ማሽኖች ምን እየሠሩ ነበር፣ «ተመዝግቧል» የተባለው ነገር በእርግጥ ዲስክ ላይ ደርሶ ነበር ወይ፣ ከሁሉ በላይ የዘገየበት ደንበኛስ ስንት ጠበቀ። እነዚህ ያልሰፈሩበት ቁጥር ለግዢም ለእቅድም አይሆንም።

በመጀመሪያ የምንለካው ምን እንደሆነ እንስማማ። የማረቆን በርበሬ ቡታጅራ ላይ ሰብስቦ ወደ መርካቶ የሚልክ ነጋዴ አለ እንበል። የመርካቶው ደንበኛ 80,000 ብር በስልኩ ሲያስተላልፍለት፣ ዳታቤዙ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ነገር ይከናወናል። ከአንዱ ሒሳብ ይቀነሳል፣ በሌላው ላይ ይደመራል፣ የተደረገውም በመዝገብ ይሰፍራል። ሦስቱ ወይ አንድ ላይ ይፈጸማሉ ወይ አንዳቸውም አይፈጸሙም። ትራንዛክሽን የምንለው ይህን ነው፤ ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በየሱቁ ደጃፍ የሚፈጸም ነገር ሆኗል። ይህን የመለካት ሙያ ግን ቆየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የዳታቤዝ ሊቁ ጂም ግሬይ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ 1,000 ቅርንጫፍ፣ 10,000 ገንዘብ ከፋይና 10 ሚሊዮን ሒሳብ ያለው ባንክ በምናብ አቋቁመው፣ በሰከንድ 100 ትራንዛክሽን የሚያስተናግድ ሲስተም ምን ያህል ያስወጣል ብለው ጠየቁ። ፍጥነቱን ከዋጋው አልነጠሉትም። ደግሞም ከመቶው 95ቱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መልስ ማግኘት አለበት የሚል ግዴታ አስቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1988 ኩባንያዎች ተሰባስበው የትራንዛክሽን አፈጻጸም ምክር ቤትን፣ በአጭሩ ቲፒሲን፣ አቋቋሙ። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ቲፒሲ-ሲ የተባለው መለኪያ የአንድ ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ሥራ ነው፤ መጋዘኖች አሉት፣ በየመጋዘኑ 10 ቀጠና፣ በየቀጠናው 3,000 ደንበኛ። ትእዛዝ ይቀበላል፣ ክፍያ ይመዘግባል፣ እቃ ያስረክባል፣ ክምችት ያያል። በደቂቃ ስንት አዲስ ትእዛዝ እንደተፈጸመ ይቆጠራል፤ ውጤቱ ይፋ የሚሆነው ግን ገለልተኛ ኦዲተር ፈትሾት፣ ዋጋውና የአሠራሩ ዝርዝር አብሮ ሲታተም ነው። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የወለደው ሻጮች ቀደም ሲል የየራሳቸውን መለኪያ እያወጡ፣ ሁሉም አንደኛ ነኝ ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ እንምጣ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በትልልቅ ኮምፒውተሮቹ ላይ ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ኢንቴልና ኤኤምዲ ለዚህ የሚያግዝ አሠራር በማቀነባበሪያዎቻቸው ውስጥ ካስገቡ በኋላ ግን የሁሉም ሆነ። ዛሬ አንድ የገጠር ከተማ መሥሪያ ቤት እንኳ በአንድ ሰርቨር ላይ የሰው ኃይሉን፣ የንብረቱን፣ የሒሳቡንና የኢሜይሉን ሲስተም ለየብቻ ያስቀምጣል። ነገሩ በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ እንደ መኖር ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱ በርና ቁልፍ አለው፣ የውኃው መስመር ግን አንድ ነው። ጎረቤት ልብስ የሚያጥብበት ሰዓት ላይ የእናንተ ቧንቧ ይቀጥናል፤ ቆጣሪያችሁን ብትመረምሩ ምንም ጥፋት አታገኙም። ባለ 16 ኮር ሰርቨር ላይ በድምሩ 40 ቨርቹዋል ኮር ማከፋፈል የተለመደ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እስካልሠሩ ድረስም ችግር የለውም። ሁሉም ሲነሡ ግን አንዱ ተራ ይጠብቃል። ሊኑክስ ይህን የጥበቃ ጊዜ «ስቲል» ብሎ፣ ማለትም ተሰርቆብኛል ብሎ፣ ለብቻው ይቆጥረዋል። ዳታቤዝ የሚለካ ሰው ይህን ቁጥር ከውጤቱ ጎን ካልጻፈ ልኬቱ ግማሽ ነው። ሌላም አለ። ቨርቹዋል ማሽኑ ተራ እየጠበቀ ሳለ እንደ ተኛ ሰው ነው፤ ሰዓቱም አብሮት ሊወናበድ ይችላል። ስለዚህ የሚለካው ፕሮግራም እዚያው ማሽን ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ሰዓት እያየ መዝጋቢ መሆን የለበትም፤ በሌላ፣ በተለየ ኮምፒውተር ላይ ይሁን።

«ዛሬ እኮ ቨርቹዋላይዜሽን የሚያስከፍለው ፍጥነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም» የሚል መቃወሚያ እዚህ ላይ ይነሣል፤ ከፊሉ እውነት ስለሆነ በቁም ነገር ልመልሰው። ባዶ ሰርቨር ላይ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ብቻ ጭናችሁ ብትለኩ፣ በቀጥታ በሰርቨሩ ላይ ከሚገኘው ውጤት ብዙም የማይርቅ ቁጥር ልታገኙ ትችላላችሁ። ነገር ግን አንድ ማሽን ብቻ ለመጫን ብሎ ቨርቹዋላይዜሽን የሚያስገባ የለም። የሚያስከፍለን ሃይፐርቫይዘሩ፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ አይደለም፤ መጋራቱ ነው። ቲፒሲ ራሱ ይህን ስለተረዳ እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ዳታቤዞች አብረው የሚለኩበትን ደንብ አወጣ፤ በኋላም ቲፒሲኤክስ-ቪ በተባለው መለኪያ ጭነቱ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየተዘዋወረ እንዲፈተን አደረገ። ብቻውን የተለካ ቨርቹዋል ማሽን የሚነግረን በሥራ ላይ ፈጽሞ የማናየውን ሁኔታ ነው።

የሚቀጥለው ነጥብ ዲስክ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ የተጋነነ ቁጥር የሚወለደው እዚህ ነው። ዳታቤዝ «ተፈጽሟል» ከማለቱ በፊት መዝገቡን ዲስክ ላይ ማሳረፍ አለበት፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ እንዳይጠፋ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ተራ ዲስክ በሰከንድ 120 ዙር ይዞራል። አንድ ደንበኛ ብቻ፣ ተራ በተራ፣ እያንዳንዱን ትራንዛክሽን በትክክል ዲስኩ ላይ እያሳረፈ የሚሠራ ከሆነ፣ በሰከንድ ከ120 ብዙም ሊዘል አይችልም፤ የመዝገቡ ቦታ እንደገና በመርፌው ሥር እስኪያልፍ መጠበቅ አለና። እንግዲህ እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ አንድ ደንበኛ በሰከንድ 3,000 ፈጸመ የሚል ውጤት ቢቀርብላችሁ፣ ከመደሰታችሁ በፊት በመሀል ማን እየዋሸ እንደሆነ ፈልጉ። ዳታቤዙ ራሱ በማስተካከያው እንዲቸኩል ተነግሮት ይሆናል። ሃይፐርቫይዘሩ የቨርቹዋሉን ዲስክ ጽሑፍ በራሱ ሚሞሪ ይዞ «ደርሷል» ብሎ መልሶ ይሆናል። ወይም የዲስኩ ተቆጣጣሪ በባትሪ የተደገፈ ማቆያ ይኖረው ይሆናል፤ ይህ የመጨረሻው ሐቀኛ ፍጥነት ነው፣ ባትሪው እስካላረጀ ድረስ። ኤስኤስዲ ዲስክ ሒሳቡን እጅግ ከፍ ያደርገዋል፤ ጥያቄውን ግን አያስቀረውም። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ የሊቃውንት ክርክር ሊመስል ይችላል። እኛ ዘንድ ግን መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ያለችው ደቂቃ ተራ ነገር ናት፤ ዩፒኤሱም ሁልጊዜ አይታመንም።

ስለዚህ የፍጥነት ፈተና ሁሉ የመብራት ፈተና ይከተለው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከሌላ ኮምፒውተር ተከታታይ ቁጥር እያስመዘገብን፣ ዳታቤዙ «ተቀብያለሁ» ያለውን የመጨረሻ ቁጥር እንይዛለን። ጭነቱ እንዳለ የሰርቨሩን ገመድ እንነቅላለን፤ ቨርቹዋል ማሽኑን በሥርዓት መዝጋት አይበቃም። መልሰን ስናስነሣው የተቀበለው ቁጥር ከጎደለ፣ በዚያ ማስተካከያ የተገኘው ፍጥነት በሙሉ ይሰረዛል። ይህ በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር የሚደረግ አይደለም፤ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት፣ ሰርቨሩ ገና ባዶ ሳለ ይደረጋል።

ሦስተኛው ጉዳይ አማካይ ነው፤ እንደ እኔ እምነት ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። የመስቀል ሰሞንን አስቡ። የጉራጌ ተወላጅ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ ሰንጋ ይገዛል፣ ቅቤ ይገዛል፣ መምጣት ያልቻለው ገንዘብ ይልካል። ለሙስሊሙ ወገን አረፋም እንዲሁ ነው። የዓመቱ ከባድ ጭነት በጥቂት ቀናት፣ በእነዚያም ቀናት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይታጨቃል። እንግዲህ አንድ የሙከራ ፕሮግራም ደንበኛ መስሎ ለ100 ሰከንድ ይሠራ እንበል። አንድ ጥያቄ ይልካል፣ በ10 ሚሊሰከንድ መልስ ያገኛል፣ ወዲያው ሌላ ይልካል። ለ90 ሰከንድ በሰላም ሠራ። ከዚያ ጎረቤቱ ማሽን ባክአፕ ጀመረና ዳታቤዛችን ለ10 ሰከንድ ቆመ። ፕሮግራሙ ምን መዘገበ? 9,000 ጊዜ 10 ሚሊሰከንድ፣ አንድ ጊዜ 10 ሰከንድ። አማካዩ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። ከመቶው 99ኛውን ብትጠይቁት እንኳ 10 ሚሊሰከንድ ይላችኋል። ውጤቱ እጅግ ያማረ ነው! በእውነተኛው ዓለም ግን ደንበኛ ሲስተሙ ቆመ ብሎ ከመምጣት አይቀርም። በየሰከንዱ 100 ሰው እየመጣ ቢሆን ኖሮ፣ በእነዚያ 10 ሰከንዶች 1,000 ሰው ደርሶ ይቆም ነበር፤ ከ10,000ው አንድ አሥረኛው ማለት ነው። ሲስተሙ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይስተናገዳሉ ብለን ለጋስ ብንሆን እንኳ፣ እያንዳንዳቸው በአማካይ 5 ሰከንድ ጠብቀዋል፤ የሁሉም አማካይ ወደ ግማሽ ሰከንድ ያሻቅባል። ያው ሰርቨር፣ ያው መቆም፣ ሁለት ቁጥሮች፤ አንዱ ከሌላው አርባ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ልዩነቱ ጠያቂው ፕሮግራም ራሱ ተሰልፎ ዝም ማለቱ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ጥያቄዎቹ ሲስተሙ ቆመም ሄደም በተወሰነላቸው ሰዓት እንዲላኩ ማድረግ ነው። ፖስትግሬስ ከተባለው ዳታቤዝ ጋር በነፃ የሚመጣው ፒጂቤንች የተባለ መለኪያ ይህን ይችላል፤ የሚላክበትን ፍጥነት ከወሰናችሁለት፣ መዘግየቱን የሚቆጥረው ጥያቄው መላክ ከነበረበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ሌላ ፈተና ካልተነገረው የሚሮጠው ደግሞ የዚያ የጂም ግሬይ ባንክ የልጅ ልጅ ነው፤ ቅርንጫፍ፣ ገንዘብ ከፋይ፣ ሒሳብ።

ቡታጅራ ላይ ስለ ቁጥር ሲነገር ደግሞ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ማለፍ ነውር ይሆናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡመዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም፣ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ መጀመሪያ ሕዝቡን ቆጠረ፤ ከዚያም ልደቱን፣ ሞቱን፣ ወደ ቀበሌው የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ለዓመታት መዘገበ። ሥራው የተከበረው ብዙ ልደትና ሞት ስለጻፈ አይደለም። ልደቱና ሞቱ ከስንት ሰው መካከል፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ማወቅ ስለቻለ ነው። «ሃምሳ ሕፃናት ሞቱ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ከስንቱና በስንት ጊዜ የሚለው ካልተጨመረበት፣ ለጤና ባለሙያ ምንም አይነግረውም። «በሰከንድ ሁለት ሺህ ትራንዛክሽን» ደግሞ በየትኛው ጭነት፣ ከነማን ጋር ተጋርቶ፣ ለምን ያህል ሰዓት የሚለው ካልተጨመረበት ለሒሳብ ሹሙ ምንም አይነግረውም። ለመለካት ሥርዓት ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም ማለቴ ነው።

ፍጥነት ብቻውን ምን እንደሚያስከትል ደግሞ አገሩ ሁሉ ያየው ነው። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተማሪዎች ስልክ ተዛመተ፤ ከዚያም ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘቡን መልሱ የሚል ማሳሰቢያ ለጠፉ። ብሔራዊ ባንክ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ችግሩ የተፈጠረው በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ወቅት እንደሆነ ገለጸ። ይህን የማነሣው ቨርቹዋል ማሽን አመጣው ለማለት አይደለም፤ እንዲህ የሚል ማስረጃ የለም። የማነሣው በዚያ ሌሊት ገንዘቡ ያለ ምንም መንገራገጭ ይወጣ ስለነበር ነው። ፍጥነትን ብቻ የሚቆጥር መለኪያ እንዲህ ያለውን ሌሊት የተሳካ ብሎ ይመዘግበዋል። የቲፒሲ-ሲ ደንብ በዚህ ረገድ ጨዋ ነው። ከሩጫው ጋር የሒሳብ ማመሳከሪያዎች አሉት፤ የመጀመሪያው የአንድ መጋዘን ጠቅላላ ገቢ ከአሥሩ ቀጠናዎቹ ገቢ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል። የእኛም ማኅበራት ከሙከራው በኋላ የአባላት ቁጠባ ድምር ከካዝናው ሒሳብ ጋር መግጠሙን ቢያመሳክሩ፣ ጥቂት መስመር ጥያቄ መጻፍ ብቻ ነው የሚጠይቃቸው።

«እኛ ትንሽ ነን፤ ይህ ሁሉ ለባንክ ነው» ለምትሉኝ ሒሳብ እንሥራ። በምዝገባ ቀን 2,000 ተማሪ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይገባል እንበል፤ እያንዳንዱ ስድስት ትራንዛክሽን ቢፈጽም 12,000 ይሆናል፤ በ600 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 20። ትንሽ ቁጥር ናት፤ ማንም ሻጭ ይስቅባታል። አሁን ያንን በሰከንድ 120 ዙር የሚዞር ዲስክ ስምንት ቨርቹዋል ማሽኖች ይጋሩታል እንበል። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 15 ነው። ዳታቤዙ የብዙ ደንበኞችን መዝገብ ጠቅልሎ በአንድ ዙር በማሳረፍ ሊያተርፍ ይችላል፤ በሌላ በኩል ግን ስምንቱ ማሽኖች መርፌውን ወዲያና ወዲህ ስለሚያሯሩጡት 120ው ራሱ ይወርዳል። ትንሽነት መጠለያ አይሆንም፤ ትንንሽ ተቋማት ትንንሽ ዲስክ ስላላቸው።

«የአምራቹ ውጤት አይበቃንም ወይ» ለሚለውም አጭር መልስ አለኝ፤ አይበቃም፣ በእናንተ ዲስክና በእናንተ ጎረቤቶች መካከል አልተለካምና። አንዳንዶቹ የዳታቤዝ አምራቾች እንዲያውም ተጠቃሚው የለካውን ያለ ፈቃዳቸው እንዳያሳትም በፈቃድ ውላቸው ይከለክላሉ። ይህ ልማድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ዲዊትና ባልደረቦቹ የኦራክልን ምርት ዘገምተኛ አድርጎ የሚያሳይ ልኬት ካወጡ በኋላ ነው፤ ዛሬም በስሙ የዲዊት አንቀጽ ይባላል። ውላችሁን አንብቡ፤ ለራሳችሁ መለካትን ግን ማተም አትበሉት።

«ታዲያ ለምን ወደ ክላውድ አንሄድም» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማኛል። መሄድ ይቻላል። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የዳታ ማእከሎች ተከፍተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል። መብራቱና ማቀዝቀዣው ከእኛ የተሻለ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ክላውድ ላይ የምትከራዩት ያንኑ ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ጎረቤታችሁን ደግሞ አታውቁትም። በዚያ ላይ መንገዱ ይጨመራል። ፕሮግራሙ ወልቂጤ ሆኖ ዳታቤዙ አዲስ አበባ ቢሆን፣ አንድ ትራንዛክሽን አሥር ጊዜ ደርሶ መልስ ቢጠይቅ፣ ደርሶ መልሱም 20 ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ ዳታቤዙ ምንም ሳይሠራ 200 ሚሊሰከንድ አለፈ። መፍትሔው ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጎን ማስቀመጥ ነው፤ ያንን ግን የምታውቁት ከወልቂጤ ሆናችሁ ስትለኩ እንጂ በዳታ ማእከሉ ውስጥ ስትለኩ አይደለም።

የቀረው «ጊዜና መለዋወጫ ሰርቨር የለንም» የሚለው ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው፣ እውነት ስለሆነ። በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ማን ደፍሮ ጭነት ይለቅበታል? መልሴ የግዢ ሰነዱ ላይ ነው። የጨረታ ሰነዶች ብዙ ጊዜ የኮር ብዛት፣ የሚሞሪ ጊጋባይትና የዲስክ ቴራባይት ብቻ ይዘረዝራሉ። በምትኩ፣ ወይም ከነዚያ ጋር፣ እንዲህ የሚል አንቀጽ ይግባ፤ ሁሉም ቨርቹዋል ማሽኖች በሥራ ላይ ሳሉ፣ ባክአፕ እየሄደ፣ በተወሰነ ፍጥነት ለአራት ሰዓት ጥያቄ ሲላክ፣ ከመቶው 99ኙ ከአንድ ሰከንድ በታች ይመለስ፤ ገመድ ተነቅሎ የተቀበለው መዝገብ አይጉደል፤ በመጨረሻም ሒሳቡ ይግጠም። ሻጩ በራሱ ወጪ በርክክብ ቀን ያሳያል፤ ካላሳየ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም። የፍጥነቱን ልክ ለመወሰን አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም፤ ያለፈው መስቀልና ያለፈው የምዝገባ ሳምንት መዝገብ አሁንም በዳታቤዛችሁ ውስጥ ተቀምጧል። በሰዓት ሰዓቱ ቁጠሩት፣ ከሁሉ የበዛበትን ደቂቃ አውጡ፣ ለሁለት ዓመት እድገት እጥፍ አድርጉት። ሥራውን ሬጅስትራሩና የአይሲቲ ክፍሉ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ጋር ሆነው ለመመረቂያ ፕሮጀክት ሊሠሩት ይችላሉ፤ ነሐሴ ላይ ቢጀመር ለመስከረም ይደርሳል። አሁን መድረኩን ለጥያቄያችሁ ልልቀቅ።